ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ያለበት ሰው የሰውነት መከላከያው ደካማ ነው ወይስ ከልክ በላይ ጠንካራ? ግራ ገብቶኛል

አዳማ_34 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

34 ዓመቴ ነው። አዳማ ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። ከስምንት ዓመት በፊት የግራ ክርኔ ላይ ሳንቲም የምታክል ሻካራ ነገር ወጣች። ጭርት ነው ተባልኩ። የፈንገስ ቅባት ሁለት ዓመት ሙሉ ቀባሁ። ሳንቲም የምታክለው መዳፍ አከለች። ከዚያ ቀኝ ክርኔ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ጉልበቴ ላይ፣ ከዚያ ከጆሮዬ ጀርባ ተነስቶ ወደ ፀጉሬ ገባ። የራሴን ፎረፎር እየመሰለኝ ስንት ሻምፑ ቀያየርኩ። ጠዋት ስነሳ አንሶላው ላይ ነጭ ቅርፊት አገኛለሁ፣ ሰብስቤ ነው የማራግፈው። ጥቁር ኮት መልበስ ካቆምኩ ዓመታት ሆነኝ።

በመጨረሻ አንድ የቆዳ ሐኪም ከክርኔ ትንሽ ናሙና ቆርጦ አስመረመረና ሶሪያሲስ ነው አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር። «መከላከያህ ራስህን እያጠቃ ነው፣ ዝቅ የሚያደርገው መድኃኒት እሰጥሃለሁ» ብሎ ሜቶትሬክሴት ጻፈልኝ። ፋርማሲ ስሄድ ደግሞ ሻጩ «ይሄ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው» አለኝ። ይዤው ቤት ገባሁ፣ እስካሁን አልጀመርኩትም፣ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ቤት ደግሞ አክስቴ አለች። እሷ «አቅምህ ስለደከመ ነው» ባይ ናት። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው። ስለምትወደኝ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሐኪሙ ዝቅ እናድርገው ይላል፣ አክስቴ ከፍ እናድርገው ትላለች። ማንን ልስማ? መከላከያዬ ደካማ ነው ወይስ ጠንካራ? ዝቅ ሲደረግስ የመጣ በሽታ ሁሉ አይዘኝም ወይ? አባቴ እኔ ልጅ ሆኜ ቲቢ ታሞ ነበር፣ አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው፣ እሱም ያስፈራኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት አንድ ክሊኒክ መርፌ ተወጋሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቆዳዬ ልክ እንደ ልጅነቴ ሆነ፣ አልቅሻለሁ ከደስታ ብዛት። በወሩ ተመልሶ መጣ፣ ያውም ሆዴና ጀርባዬ ላይ ጭምር፣ ከድሮው ብሶ። ለምን?

ባለፈው ቅዳሜ ፀጉር ቤት ገብቼ ልጁ ከጆሮዬ ጀርባ ሲያይ መቁረጫውን አስቀመጠና «ወንድሜ ይሄ ነገር ይጋባል?» አለኝ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ግማሽ ተቆርጬ ወጣሁ። ለዚያ ነው ዛሬ የምጽፈው። የገባው ሰው ካለ በደንብ ያስረዳኝ፣ «አይዞህ» ብቻ አትበሉኝ።

---

ነጭ_ሴል

ወንድሜ፣ ስዊድን ሀገር ኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) እየተማርኩ ነው። ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒቱን ለሚያውቁት እተዋለሁ፣ ቆዳህ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ግን ልንገርህ።

«ደካማ ወይስ ጠንካራ» ብለን ስንጠይቅ መከላከያችንን እንደ ባትሪ እያየነው ነው፣ ሞላ ወይ ጎደለ ብለን። እሱ ግን እንደ ሰፈር ነው። ብዙ ዓይነት ሴሎች አሉ፣ በመልእክት ይጠራራሉ። አንተ ጋ የተበላሸው ጥሪው ነው።

እድርን አስብ። ሌሊት ሰው ሲያርፍ ጡሩንባ ነፊው ይዞራል። ሰዉ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይመጣል። ቀኑ ሲያልፍ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ሁሉም ወደየቤቱ። ጤነኛ ቆዳ ላይ ቁስል ሲኖር ወይም ጀርም ሲገባ የሚሆነው ይሄው ነው፣ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ይበርዳል። ሶሪያሲስ ላይ ጡሩንባው ይነፋል፣ ሰዉ ይመጣል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ የሞተ ሰው ግን የለም። ድንኳኑን ያየ ሌላ ጡሩንባ ነፊ ደግሞ «ለካ ለቅሶ አለ» ብሎ እንደገና ይነፋል። እንዲህ እያለ ይዞራል፣ ስምንት ዓመት።

አሁን ስም በስም እንሂድ። ጡሩንባ ነፊዎቹ ዴንድሪቲክ ሴሎች ይባላሉ። ዋናው ድምፃቸው ኢንተርሉኪን 23 የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ድምፅ ሰምተው የሚነሱት ቲ ሴሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፣ በተለይ ቲኤች 17 የሚባሉት። እነሱ ሲነሱ ኢንተርሉኪን 17 እና ኢንተርሉኪን 22 ይረጫሉ። ኢንተርሉኪን 17 የቆዳ ሴሎችህን በር አንኳኩቶ «ጠላት ገብቷል፣ ተነሱ» ይላል፣ እነሱም ኒውትሮፊል የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችን ከደም ይጠራሉ። ኢንተርሉኪን 22 ደግሞ ቆዳው እንዲወፍር ያደርጋል። በዚህ ላይ ቲኤንኤፍ የሚባል ሌላ መልእክት አለ፣ ከ17 ጋር ሲገናኝ የሁለቱ ጉልበት ለየብቻቸው ካላቸው በጣም ይበልጣል።

ጤነኛ ሰው ላይ አንድ የቆዳ ሴል ከታች ተወልዶ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ ያለበት ቦታ ላይ ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ያልቃል። ሴሉ ሳይበስል፣ አስኳሉን እንኳ ሳይጥል ላይ ይደርሳል፣ እርስ በርሱም ተጣብቆ ይከመራል። አንሶላህ ላይ የምታራግፈው ነጭ ነገር ያ ነው፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ መሃል መሃሉ ላይ የሞቱ ኒውትሮፊሎች ተሰብስበው ይገኛሉ። በጥፍርህ ስትልጠው ደግሞ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ የደም ነጠብጣቦች ይወጣሉ አይደል? ከስር ያሉት ትናንሽ የደም ሥሮች ሰፍተውና ተጠማዘው ወደ ላይ ስለቀረቡ ነው።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል። ድንኳኑ ራሱ እንዴት ጡሩንባ ያስነፋል? የቆዳ ሴሎቹ ሲደነግጡ ኤልኤል 37 የሚባል ጀርም ገዳይ ያመርታሉ። የራሳችን ዲኤንኤ ከተሰበረ ሴል ሲፈስ በተለምዶ ዴንድሪቲክ ሴሎቹ ዝም ብለው ያልፉታል። ኤልኤል 37 ሲጠቀልለው ግን የቫይረስ ይመስላቸዋል፣ ኢንተርፌሮን የሚባል የማንቂያ መልእክት ይለቃሉ፣ ጥሪው እንደገና ይጀምራል። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

ለአክስትህ ልትነግራት የምትችለው ነገር ደግሞ ይኸውልህ፦ የሶሪያሲስ ቆዳ እንዲህ ተሰነጣጥቆና ተልጦ እያለ በጀርም የሚመረቅዘው ከስንት አንዴ ነው። ችፌ ያለበት ሰው ቆዳ ቶሎ ቶሎ ይመረቅዛል፣ የአንተ ግን በነዚያ ጀርም ገዳዮች ተሞልቷል። ለችፌ ጥሪውን የሚያስተላልፉት ሌሎች ናቸው፣ ኢንተርሉኪን 4 እና 13። ሁለቱም «የቆዳ መቆጣት» ይባላሉ እንጂ የጡሩንባው ድምፅ የተለያየ ነው፣ መድኃኒታቸውም ለዚያ ይለያያል።

ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ችግሩ ከቆዳ ሴሎች ነው ብለው ያስቡ ነበር፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚራቡ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሳይክሎስፖሪን የሚባል መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲሞከር ታማሚዎቹ ላይ የነበረው ሶሪያሲስ ጠፋ። ሳይክሎስፖሪን ደግሞ ቲ ሴሎችን ነው ዝም የሚያሰኘው። ከዚያ ወዲህ ነው ዓይን ሁሉ ወደ መከላከያው የዞረው። ሶሪያሲስ ካለበት ሰው መቅኔ የተለገሳቸው ሰዎች ላይ በሽታው ብቅ ያለበት አጋጣሚም አለ፣ ማለትም ጥሪው ከነጠሪው ተሸጋገረ።

---

መድኃኒት_ቤት_አዲስ

ነጭ_ሴል እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እኔም ብዙ ተማርኩበት። እኔ አዲስ አበባ ፋርማሲስት ነኝ፣ ስለ መድኃኒቱ ልናገር።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጭርት መባልህ አያስገርምም። መጽሐፍ ላይ ያለው ፎቶ አብዛኛው የነጭ ሰው ቆዳ ነው፣ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ላዩ ግራጫ ነው። ሲድን ደግሞ ጥቁር ወይ ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል፣ ሰው ያንን ለምጽ ነው ብሎ ይደነግጣል። ምልክቱ በሽታው አይደለም፣ በወራት እየደበዘዘ ይሄዳል።

ሜቶትሬክሴት። «የካንሰር መድኃኒት» ያለህ ሰው አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። ለካንሰር የሚሰጠው መጠን በጣም ብዙ ነው። ለሶሪያሲስ የሚሰጠው ትንሽ ነው፣ የሚያደርገውም የቲ ሴሎቹን መራባትና ጩኸት ማብረድ ነው። አሥርት ዓመታት የተሠራበት መድኃኒት ነው። አሁን የምጽፈውን ግን እባክህ ወረቀት ላይ ገልብጠው፦ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ አይደለም። በየቀኑ ወስደው መቅኔያቸው ደም ማምረት ያቆመ፣ የሞቱም ሰዎች አሉ፣ ያለቁት በስህተት ነው። አንድ ቀን ምረጥና ካርቶኑ ላይ በእስክሪፕቶ «እሁድ» ብለህ ጻፍበት፣ ቤት ላለ ሰውም ንገር። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፣ ሜቶትሬክሴት በማትወስድበት ቀን። ከመጀመርህ በፊትና ከጀመርክ በኋላ የደምና የጉበት ምርመራ አለ፣ እሱን አትዝለል። ቢራም አረቄም ተው፣ ጉበትህ ሁለት ሥራ እንዳይበዛበት። ልጅ ለመውለድ ካሰባችሁ ለሐኪሙ አስቀድመህ ንገረው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በፍጹም መውሰድ የለባትም። ሌላው ኮትሪሞክሳዞል ነው። ለሳልና ለተቅማጥ ሰው እንደ ከረሜላ የሚገዛው ያ መድኃኒት ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ አደገኛ ነው። የትም ክሊኒክ ስትሄድ «ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ» በል።

መርፌው ምን እንደነበር አልጻፍክም፣ እንደ አነጋገርህ ግን ስቴሮይድ ይመስለኛል። ስቴሮይድ በመርፌ ወይም በሚዋጥ ክኒን ሲሰጥ ሁሉንም ጥሪ በአንድ ጊዜ ያፍነዋል፣ ለዚህ ነው በሁለት ሳምንት ቆዳህ ያማረው። መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ግን የታፈነው ሁሉ ባንዴ ይፈነዳል። አንዳንዱ ሰው ላይ መግል የቋጠረ ሶሪያሲስ ሆኖ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ከራስ እስከ እግር ቀልቶ ሆስፒታል ይተኛል። ለዚያ ነው የቆዳ ሐኪሞች ለሶሪያሲስ ይህን መርፌ የሚፈሩት። የሚቀባው ስቴሮይድ ሌላ ነገር ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ ሲሆን ይረዳል። ግን ሳይታዘዝ ወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ፊት ላይማ በጭራሽ።

ስለ ቲቢው የፈራኸው ትክክል ነው፣ ስለ አባትህ ለሐኪሙ ንገረው። ቲቢ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ሲቆይ በሴሎች ግንብ ታጥሮ ነው የሚቀመጠው። ያን ግንብ ከሚያቆሙት አንዱ ነጭ_ሴል የጠቀሰው ቲኤንኤፍ ነው። ቲኤንኤፍን የሚያግዱ መርፌዎች ሲሰጡ ግንቡ ሊከፈት ይችላል፣ ስለዚህ ማንም ሰው እነሱን ሳይጀምር የቲቢ ምርመራ ይደረግለታል። ኢንተርሉኪን 17ን እና 23ን ብቻ የሚያግዱት በዚህ በኩል ይሻላሉ፣ ግን ምርመራው ለእነሱም አይቀርም። እነዚህ መርፌዎች እዚህ ሀገር እንደ ልብ የሚገኙ አይደሉም፣ ዋጋቸውም የሚቀመስ አይደለም። ያንተ መንገድ ሜቶትሬክሴት፣ ቅባትና ብርሃን ነው።

የኤችአይቪ ምርመራም ካላደረግክ አድርግ። አንተን ጠርጥሬ አይደለም። ሶሪያሲስ በድንገት ሲብስ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው፣ ለሁሉም ሰው የምለው ነው።

አዳማ ስለሆንክ አንድ ነገር ጨምሬ ላቁም። ወባ አለ እናንተ ጋ። ክሎሮኪን ሶሪያሲስን ሊቀሰቅስ ይችላል። ወባ ከያዘህ አትታከም ማለቴ አይደለም፣ ወባ ይገድላል። ግን ካርድ ክፍል አልፈህ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጥ «ሶሪያሲስ አለብኝ» በለው፣ እሱ ያስብበታል።

---

የሐዋሳ_እናት

እኔ ደግሞ የልጄን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ሌላ እናት ታነበው ይሆናል።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጉሮሮውን አመመው፣ ቶንሲል ነው ብዬ ሎሚና ዝንጅብል አፈላሁለት። አማቴ እንጥሉ ይቆረጥ አሉ፣ እሺ አላልኩም። ሻል አለው። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሳጥበው ሆዱ ላይ ደቃቅ ነጠብጣብ አየሁ። ዝናብ ሲጀምር አቧራ መሬት ላይ ጠብ ጠብ የሚለውን ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ። በሦስት ቀን ውስጥ ጀርባውና ክንዱ ሁሉ ሞላ። ጎረቤት ኩፍኝ ነው አለች፣ ሌላዋ ምች ነው አለች። ሐኪሟ ግን ጉሮሮውን አየችና «ባለፈው ታሞ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዴት አወቀች ብዬ ነው የደነገጥኩት።

የጠብታ ሶሪያሲስ ይባላል አለችኝ። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮ ላይ ሲገባ ቲ ሴሎቹ እሱን ለመዋጋት ይማራሉ። የባክቴሪያው አንድ ፕሮቲን ቆዳችን ውስጥ ካለ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ይታሰባል፣ ስለዚህ ጠላት መስሏቸው ቆዳው ላይ ይወጣሉ። ሁሉም ልጅ ላይ ለምን አይሆንም ብዬ ጠየቅኳት። ኤችኤልኤ ሲ 06 የሚባል ዘር ነገር አለ፣ ያ ያላቸው ልጆች ላይ ይበዛል አለች። ከአባቱ ወገን አንድ አጎት እንዲህ ዓይነት ቆዳ ነበረው፣ እኛ ችፌ ነበር የምንለው።

የልጄ በአራተኛው ወር ጠፋ። ብዙ ልጆች ላይ እንዲያ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ላይ ቆይቶ ትልቁ ሶሪያሲስ ሆኖ ይመጣል ብላኛለች፣ ስለዚህ ጉሮሮውን ባመመው ቁጥር ሎሚና ዝንጅብል ብዬ አላስቀምጠውም፣ እወስደዋለሁ። የልብ በሮችንም (ቫልቭ) የሚያበላሸው ይኸው የጉሮሮ ባክቴሪያ ነው፣ እናቶች እባካችሁ።

---

ቤርሼቫ_57

ሰላም ልጆች። እኔ እስራኤል ነኝ፣ 57 ዓመቴ ነው፣ ሶሪያሲስ ከያዘኝ 30 ዓመት አልፎኛል። ጽሑፋችሁን አንብቤ የቀረ አንድ ነገር ስላየሁ ነው የምጽፈው። መገጣጠሚያ።

የአዳማው ልጄ፣ እስቲ ጥፍሮችህን በብርሃን እያቸው። በመርፌ የተጠቀጠቀ የሚመስል ትንንሽ ጉድጓድ አለባቸው ወይ? የኔ ከዚያ ነው የጀመረው። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኝ ጀመር፣ ሻይ ጠጥቼ፣ አንድ ሰዓት ቆይቼ ነው የሚላቀቁት። ከዚያ የቀኝ እግሬ ሁለተኛ ጣት ከሥሩ እስከ ጫፉ አበጠ፣ ሙሉ ጣቱ፣ ጫማ አልገባ አለኝ። ሪህ ነው ብዬ ሁለት ዓመት በማስታገሻ አሳለፍኩ። በነዚያ ሁለት ዓመታት አጥንቱ ተበልቷል። በኋላ በራጅ ሳየው ነው የገባኝ። የተበላ አጥንት አይመለስም። ሶሪያሲስ ካለባቸው ከመቶ እስከ 30 የሚሆኑት ላይ መገጣጠሚያቸው ይነካል። ያው ጥሪ ነው፣ ያው 23፣ ያው 17፣ ያው ቲኤንኤፍ፣ ቦታው ብቻ ነው የተለወጠው። ጠዋት ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ መገተር ካለህ ዛሬውኑ ለሐኪም ተናገር።

መጀመሪያ የሰጡኝ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መርፌ ነበር። ከዚያ በፊት የቲቢ ምርመራ አድርገው የተኛ ቲቢ ስላገኙብኝ አስቀድመው ለእሱ መድኃኒት አዋጡኝ፣ ፋርማሲስቷ እህታችን ያለችው ልክ ነው። ለጥቂት ዓመት ሠራልኝ፣ ከዚያ ደከመ። አሁን ኢንተርሉኪን 17ን የሚያግደውን ነው የምወስደው፣ ሴኩኪኑማብ ይባላል። ቆዳዬ በሁለት ወር ጠራ። አንድ ያስቸገረኝ ነገር አፌ ውስጥ ነጭ ፈንገስ መውጣቱ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ከኢንተርሉኪን 17 ዋና ሥራዎች አንዱ ከእንዲህ ዓይነቱ ፈንገስ እኛን መጠበቅ ነው፣ እሱን ስናግደው ጠባቂው ቀነሰ። ታከምኩ፣ ለቀቀኝ።

ከመርፌዎቹ በፊት ሙት ባሕር ነበር የምሄደው። ከመላው ዓለም ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ይመጣል። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ ፀሐይዋ እዚያ እስክትደርስ ብዙ አየር ታልፋለች፣ የሚያቃጥለው ጨረር ይቀንሳል፣ ሰው ረዘም ላለ ጊዜ መቀመጥ ይችላል። መጀመሪያ ቀን ሸሚዜን ሳወልቅ እጄ ተንቀጠቀጠ። ዞር ስል በአጠገቤ ያለው ሽማግሌ ጀርባ ከኔ የባሰ ነበር፣ ማንም ማንንም አያይም። ያን ቀን አልረሳውም።

---

አዳማ_34 (ጠያቂ)

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጋሼ ቤርሼቫ፣ ጥፍሬን አየሁት። የግራ እጄ ሁለት ጥፍሮች ላይ ያሉት ነጥቦች እርስዎ ያሉት ነው የሚመስሉት። ጠዋት ግን ጣቶቼ ይታጠፋሉ፣ ደህና ናቸው። እናገራለሁ።

የሐዋሳዋ እህቴ፣ እኔም ልጅ እያለሁ ጉሮሮዬን ቶሎ ቶሎ ያመኝ ነበር፣ አሁን ነው ያስታወስኩት።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ መርፌውን ተወግቼ ሲጠፋ ክርኔ ሙሉ በሙሉ ጠርቶ ነበር፣ በእጄ ስዳስሰው ለስላሳ። ሲመለስ ግን ልክ በድሮው ቦታ፣ በድሮው ቅርጽ ነው የመጣው፣ ካርታ ያለው ይመስል። ሁለተኛ፣ አክስቴ አንድ ጊዜ ነጭ ሽንኩርት ፈጭታ ጉልበቴ ላይ በጨርቅ አስራልኝ ነበር። ሌሊቱን አቃጠለኝ፣ ጠዋት ቆዳው ተልጧል። የተላጠበት ቦታ በሙሉ ከሳምንት በኋላ ሶሪያሲስ ሆነ። ይሄ ይያያዛል?

---

ነጭ_ሴል

ይያያዛል፣ ሁለቱም።

ካርታ አለው ያልከው እውነት ነው። ቆዳው ሲጠራ አብዛኞቹ ቲ ሴሎች ይሄዳሉ፣ ጥቂቶቹ ግን እዚያው የላይኛው ቆዳ ውስጥ ይቀራሉ። ነዋሪ የትውስታ ሴሎች ይባላሉ። ድንኳኑ ተነቅሎም ከቦታው ያልተነሱ ለቀስተኞች በላቸው። ዓይን አያያቸውም፣ እጅህም አይዳስሳቸውም፣ ዓመታት ይቀመጣሉ። ትንሽ ጥሪ ሲሰሙ 17 እና 22 መርጨት ይጀምራሉ። ለዚህ ነው ክርኑ «ዳነ» ሲባል ያልዳነው። ምርምሩ አሁን ያለው እነሱን ከቦታቸው ማስነሳት ላይ ነው።

የሽንኩርቱ ደግሞ ስም አለው። ኮብነር የሚባል ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያየው፣ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ቆዳው ሲጫር፣ ሲቃጠል፣ ሲነቀስ በዚያው መስመር ላይ ሶሪያሲስ ይወጣል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፣ ፌጦም እንደዚያው። ሴሎቹ ተሰበሩ፣ ዲኤንኤ ፈሰሰ፣ ኤልኤል 37 ያዘው፣ ጡሩንባ። ወጥ ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርት ምንም አያደርግህም፣ ብላ። ቆዳህ ላይ ግን አይሆንም። ቅርፊቱንም በጥፍርህ አትላጠው፣ ቫዝሊን ቀብተህ አለስልሰው።

አንድ ደስ የሚል ዜና ላክልበት፣ ሁሉም መፍትሔ መርፌ አይደለም። ኢንተርሉኪን 23 ሴሉ በር ላይ ሲደርስ መልእክቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ታይክ 2 የሚባል ገመድ አለ። እሱን ብቻ የሚይዝ ዲውክራቫሲቲኒብ የሚባል የሚዋጥ ክኒን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ተፈቅዷል። ዛሬ አዳማ አይደርስም። ግን ክኒን ከመርፌ ይልቅ ለመሥራትም ለማጓጓዝም ይቀላል፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ እኔ ተስፋ የማደርገው እሱ ላይ ነው።

---

መድኃኒት_ቤት_አዲስ

ከጋሼ ላይ ልቀጥል። ሙት ባሕር ባይኖረንም ፀሐይ አለን። ሐኪም ቤት ያለው የብርሃን ሕክምና 311 ናኖሜትር የሆነውን ጠባብ ጨረር ነው የሚጠቀመው፣ ቆዳው ውስጥ የተሰበሰቡትን ቲ ሴሎች ያጠፋል። እሱን ካላገኘህ ለሐኪሙ ነግረህ ጠዋት ላይ ክርንህንና ጉልበትህን ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ አስመታ፣ ቀስ በቀስ ጨምር። የእኛ ሀገር ከፍ ያለ ስለሆነ ፀሐዩ ብርቱ ነው፣ ከተቃጠልክ የሽንኩርቱ ነገር ይደገማል። ሲጋራ ታጨሳለህ? ካጨስክ አቁም፣ ይሄን በሽታ ያባብሰዋል፣ የልብ ጣጣም ሶሪያሲስ ባለበት ሰው ላይ ይበዛል፣ መቆጣቱ ቆዳ ላይ ብቻ ስለማይቀር። የደም ግፊትህንም ተለካ።

---

የሐዋሳ_እናት

ወንድሜ፣ የፀጉር ቤቱ ነገር ሆዴን በላኝ። አይጋባም። በመቁረጫ አይጋባም፣ በፎጣ አይጋባም፣ አብሮ በመተኛትም አይጋባም፣ እኔ ልጄን አቅፌ ነው አራት ወር የተኛሁት። የዓለም ጤና ድርጅት አባል ሀገራት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳለፉት ውሳኔ ላይ የማይተላለፍ በሽታ ብለው ነው የጻፉት። ልጁ ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። እሱም ቆረቆር ነው ብሎ ነው የፈራው፣ ቆረቆር በመቁረጫ ይጋባላ። ተመልሰህ ብትነግረው ይገባዋል።

---

አዳማ_34 (ጠያቂ)

ዛሬ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የደምና የጉበት ምርመራ ሰጠሁ፣ የኤችአይቪም የደረት ራጅም ተደረገልኝ፣ ለሐኪሙም ስለ አባቴና ስለ ጥፍሬ ነገርኩት። ጥፍሬን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ቀረብ ብሎ አየው። ካርዴ ላይ ጻፈው። ውጤቱ ደህና ነው፣ ጀምር ብሎኛል። ካርቶኑ ላይ «እሁድ ብቻ» ብዬ በቀይ እስክሪፕቶ ጽፌያለሁ። ለአክስቴ የእድሩን ታሪክ ነገርኳት፣ እሷ የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ስለሆነች ወዲያው ነው የገባት። «ታዲያ ጡሩንባ ነፊውን ዝም አሰኙት እንጂ ሰዉን ምን አደረጋችሁት» አለችኝ። እሁድ ማታ ክኒኑን እሷ ናት የምታስታውሰኝ።

ፀጉር ቤቱም ሄጄ ነበር። ልጁ ሲያየኝ ደነገጠ። ስልኬ ላይ ያለውን ይሄን ገጽ አሳየሁት፣ የሐዋሳዋን እህቴን ጽሑፍ ቆሞ አነበበው። ከዚያ «ከጆሮህ ጀርባ ማሽኑ ያምሃል ወይ፣ በመቀስ ላድርገው?» አለኝ። በመቀስ አልኩት።